«ነጭ ብቻ ቀቡ» ስለሚለው ደንብ፦ በቤት በሚሠሩ አውሮፕላኖች ቀለምና የገጽ ሙቀት ላይ የቀረበ ትችት

አውሮፕላኑን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ብዙ ዓመት ከለፋ በኋላ በመጨረሻ የሚወስነው ነገር የቀለሙ ጉዳይ ነው። ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ስለ ሆነም ብዙውን ጊዜ የጌጥ ውሳኔ መስሎ ይታያል። ክንፉ ከአሉሚኒየም የተሠራ እንደ ሆነ በእርግጥም ከጌጥ እምብዛም አያልፍም። ነገር ግን ክንፉ ያለ ምድጃ፣ በሠሪው ቤት አየር ብቻ ከደረቀ ኢፖክሲ፣ ከመስታወት ክርና ከፎም የተሠራ ሲሆን፣ ቀለሙ ከልባሱ ውፍረት ያላነሰ የጥንካሬ ጉዳይ ይሆናል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች «ነጭ ብቻ ቀቡ» የሚል ደንብ አውጥተዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ደንቡን ለመሻር አይደለም፤ ደንቡ በተነገረበት ቦታ ትክክል ነው። የምንነቅፈው የሚቀርብበትን መንገድ ነው። ምክንያቱ ሳይገለጥ ከአንዱ ሠሪ ወደ ሌላው እየተላለፈ ስለ መጣ ሁለት ዓይነት ሰዎችን አፍርቷል። አንደኛው ወገን ደንቡን እንደ ግዝት ይዞ በማይመለከተው አውሮፕላን ላይ ሁሉ ይጭነዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ወዳጁ ክንፉን ጥቁር ሰማያዊ ቀብቶ ብዙ ጊዜ ሲበር ምንም አለመሆኑን አይቶ ደንቡን ይንቀዋል። ሁለተኛው በሕይወቱ ይጫወታል፤ የመጀመሪያው ግን የሚጎዳው ምርጫውን ብቻ ነው። ለሁለቱም ስሕተት ምንጩ፣ በእኔ አስተያየት፣ የቀለም ስም በግራ፣ የሙቀት ዲግሪ በቀኝ ተጽፎበት ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ሰንጠረዥ ነው። ነጭ ይህን ያህል፣ ቢጫ ይህን ያህል፣ ጥቁር ይህን ያህል ይላል፤ ነፋሱን፣ ከቀለሙ ሥር ያለውን ነገር፣ የተለካበትንም መሣሪያ አይናገርም። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ከፊዚክስ ይልቅ ለገበያ ዋጋ ዝርዝር የቀረበ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሙቀቱም በሴንቲግሬድ ነው።)

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራው የመጀመሪያው ተንሳፋፊ አውሮፕላን፣ ፎኒክስ የተባለው፣ በ1957 በጀርመን አገር በረረ። የሠራውም የአውሮፕላን ፋብሪካ ሳይሆን በስቱትጋርት የከፍተኛ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማሪዎች የበረራ ቡድን ነበረ፤ ይህን ለጓደኞቼ ተማሪዎች ሳልጠቅስ ማለፍ አልወደድሁም። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ሰማይ ላይ የሚታዩት ተንሳፋፊዎች ነጭ በነጭ የሆኑት በፋሽን ምክንያት አይደለም። በአሜሪካም በ1953 የሙከራ አውሮፕላን ማኅበር ከተቋቋመ በኋላ የቤት ሠሪዎች ቁጥር እየበዛ ሄደ። በ1975 በርት ሩታን የተባለው መሐንዲስ በካሊፎርኒያ በሞሃቪ በረሃ ቫሪ ኢዚ የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን አበረረ፤ በ1979ም ሎንግ ኢዚን አስከተለ። የእርሱ ዘዴ ቀላል ነበረ፦ ስታይሮፎሙን በጋለ ሽቦ በክንፍ ቅርጽ መቁረጥ፣ በላዩም የመስታወት ክር ጨርቅ አንጥፎ በኢፖክሲ ማራስ። ቅርጽ ማውጫም ምድጃም አያስፈልግም። እስከ 1985 ድረስ ፕላኑን ለሠሪዎች ሲሸጥ አውሮፕላኑ ነጭ ቀለም እንዲቀባ አዝዞ ነበር። ያ ትእዛዝ ነው እንግዲህ ዛሬ ከነምክንያቱ ሳይሆን ብቻውን የሚዞረው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኢፖክሲ እንደ ብረት በአንድ የታወቀ ሙቀት አይቀልጥም፤ ከመስታወት መሰል ጥንካሬ ወደ ጎማ መሰል ልስላሴ የሚያልፍበት የሙቀት ወሰን አለው። ይህም ወሰን ሙጫው ከደረቀበት ሙቀት ጋር የተያያዘ ነው፤ በቤት አየር ብቻ የደረቀ ሙጫ ወሰኑ ዝቅ ያለ ነው፤ በኋላ በሙቀት የታከመ ደግሞ ከፍ ይላል። በቤት ሠሪዎች ዘንድ ለሚሠራበት ሙጫ ወሰኑ ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል እንደ ሙጫውና እንደ አደራረቁ ይለያያል። ከሥሩ ያለው ስታይሮፎም ደግሞ ሠሪው ኩባንያ የፈቀደለት የሥራ ሙቀት እስከ 74 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የመስታወት ክሩ ራሱ በዚህ ሙቀት ምንም አይሆንም፤ ነገር ግን ክር ያለ ሙጫ ገመድ ነው፤ ይሳባል እንጂ አይገፋም። ክንፍ በበረራ ጊዜ የላይኛው ልባሱ የሚጨመቅ ስለ ሆነ ሙጫው ሲለሰልስ ክሩ እንዳይጎብጥ የሚይዘው ነገር ያጣል። ፀሐይም የምትመታው ያንኑ የላይኛውን ልባስ ነው። ከዚህ የተነሣ የአውሮፓ ደንብ እንዲህ ያሉ ተንሳፋፊዎችና ቀላል አውሮፕላኖች ነጭ የተቀቡ ከሆነ በ54 ዲግሪ ሙቀት ጥንካሬያቸው እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ ለሌላ ቀለም ግን ሙቀቱ ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ትችቱ እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ የቀለም ስም በእርግጥ የሙቀት መለኪያ ሊሆን ይችላልን? የሚለው ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1761 በጻፈው ደብዳቤ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን የጨርቅ ቁራጮች በፀሐያማ ጧት በበረዶ ላይ ዘርግቶ ጥቁሩ ከሁሉ ይልቅ ጠልቆ፣ ነጩ ግን ምንም ሳይሰምጥ እንዳገኘው ገልጧል። ሙከራው ያማረ ነው፤ ሰንጠረዡም ከዚህ ሙከራ ብዙ አልራቀም። ፍራንክሊን ግን ሊያውቀው የማይችለው ነገር ነበረ። ከፀሐይ ወደ ምድር ከሚደርሰው ኃይል ግማሽ ያህሉ ዓይናችን በማያየው፣ ከቀይ በታች ባለው ጨረር የሚመጣ ነው። ዓይን የሚፈርደው በሌላው ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀለሞች ለዓይን አንድ ዓይነት ጥቁር ሆነው፣ አንደኛው የማይታየውን ጨረር ሲመጥ ሁለተኛው ሊመልሰው ይችላል። በከሰል ጥላት የተሠራው ጥቁር ሁሉንም ይመጣል። ዛሬ ለቤት ጣራ ተብለው የሚሠሩ አንዳንድ ጥቁርና ቡናማ ቀለሞች ግን የማይታየውን ጨረር ብዙውን ክፍል እንዲመልሱ ሆነው የተቀመሙ ናቸው።

ይህ ነገር በተቃራኒውም ይሠራል፤ እርሱም ይበልጥ አደገኛው ነው። ነጭ ቀለም ነጭነቱን የሚያገኘው ከቲታኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ነው፤ ይህም ከሚታየውም ከማይታየውም ጨረር አብዛኛውን ይመልሳል። ሠሪው ግን «ንጹሕ ነጭ ዓይን ይወጋል» ብሎ ጥቂት የከሰል ጥቁር ጨምሮ ፈካ ያለ ግራጫ ያደርገዋል። ሰንጠረዡን አውጥቶ ቢያይ ግራጫው ከነጩ አጠገብ ተቀምጧል። የከሰል ጥላት ግን በጣም በትንሹም ቢሆን ብዙ ኃይል ይመጣል፤ ለዓይን ኢምንት የመሰለው ለውጥ በሙቀት ረገድ ኢምንት አይደለም። ስለዚህ ከቀለም ሻጩ ሊጠየቅ የሚገባው የቀለሙ ስም ሳይሆን ከፀሐይ ኃይል ከመቶ ስንቱን እንደሚመልስ ነው። ይህን ቁጥር መናገር የማይችል ሻጭ ካለ፣ ቀለሙ ለበር ይሁን።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሚዛኑ ነው። የአንድ ገጽ ሙቀት የሚወሰነው በሚገባውና በሚወጣው ኃይል እኩልነት ነው። የሚገባው የፀሐይ ኃይል ነው፤ የሚወጣው ደግሞ ገጹ ራሱ ወደ ሰማይ በሚረጨው ጨረርና ነፋሱ በሚወስደው ሙቀት ነው፤ ከገጹ ወደ ውስጥ የሚያልፈውም አለ። ከሥሩ ፎም ካለ ወደ ውስጥ የሚያልፈው ከምንም አይቆጠርም፤ የፎም ክንፍ ከሌላው ክንፍ ይልቅ የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው። ሰንጠረዡ የተዘጋጀው ግን ብዙ ጊዜ ከኋላው ክፍት በሆነ፣ አየር ከሁለት ወገን በሚያቀዘቅዘው ቆርቆሮ ላይ ነው። በቆርቆሮ ላይ የተለካ ቁጥር ለፎም ክንፍ ሲሰጥ ሁልጊዜ የሚያሳስተው ወደ አደጋው ወገን ነው።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። የፀሐይ ኃይል በካሬ ሜትር 1000 ዋት፣ የአየሩ ሙቀት 35 ዲግሪ፣ የሰማዩም ሙቀት ከዚያ 20 ዲግሪ ዝቅ ያለ፣ ከልባሱ ሥር ፎም ያለበት፣ ቀለሙም ጨረር የመርጨት ችሎታው 0.9 ነው እንበል። ቀስ ያለ ነፋስ ቢነፍስ፣ ይኸውም በካሬ ሜትር ለአንድ ዲግሪ 10 ዋት የሚወስድ ቢሆን፣ ከፀሐይ ሩቡን የሚመጠው ንጹሕ ነጭ ወደ 44 ዲግሪ ይደርሳል። 65 በመቶ የሚመጠው መካከለኛ ቀለም ወደ 67፣ 95 በመቶ የሚመጠው ጥቁር ወደ 83 ዲግሪ ይወጣል። አሁን ነፋሱን በግማሽ እንቀንሰው። ነጩ 48 ገደማ ይሆናል፤ በአራት ዲግሪ ብቻ ጨመረ። ጥቁሩ ግን ወደ 99 ይዘልላል። እንግዲህ የነፋስ ጥቂት መቀነስ ብቻውን ለጥቁሩ 16 ዲግሪ ይጨምርለታል። «የጥቁር ሙቀት ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ በአንድ ቁጥር የሚመልስ ሰንጠረዥ ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ነው የሚሰጠን?

ከዚህ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ነጭ ቀለም የሚጠቅመው ዝቅተኛ ሙቀት ስለሚሰጥ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ በነፋስና በአየር ጠባይ እምብዛም ስለማይለዋወጥም ነው። የጥቁር ክንፍ ባለቤት ዛሬ ደኅና ሆኖ ስላገኘው ነገም ደኅና ነው ማለት አይችልም፤ አምስት ዓመት በሰላም የበረረው ወዳጅ ምናልባት ነፋስ ጨርሶ የጠፋበትን ቀትር ገና አላገኘው ይሆናል።

የአውሮፓውን 54 ዲግሪ በዚሁ ሚዛን ስንመዝነው፣ አየሩ 40 ዲግሪ በሆነበትና ነፋስ በቀነሰበት ቀን ንጹሕ ነጭ ወደ 52 ስለሚደርስ ቁጥሩ በጥሩ ማስተዋል የተመረጠ ነው። የምነቅፈው ነገር ቢኖር «ነጭ» የሚለውን ቃል ነው። ነጭ ቀለም ያረጃል፣ ይቆሽሻል፣ አቧራና ዘይት ይይዛል። ከፀሐይ ሩቡን ይመጥ የነበረው 35 በመቶ መምጠጥ ሲጀምር፣ በዚያው ቀን ወደ 60 ዲግሪ ይወጣል። ያን ጊዜ ክንፉ በስሙ ነጭ ነው፤ በሙቀቱ ግን ከደንቡ ውጭ ነው። ክንፍን ማጠብ የጥንካሬ ጥገና ነው ብሎ የሚያስብ ስንት ሠሪ ይኖራል?

ሦስተኛው ነቀፌታ መለኪያውን ይመለከታል። ስለ አሉሚኒየም የሚነገረው ነገር የሚደንቀኝ ሁልጊዜ ነው። የተወለወለ አሉሚኒየም እንደ መስታወት ስለሚያበራ ቀዝቃዛ ነው ይባላል፤ በአንዳንድ ሰንጠረዥም ከነጭ ቀለም በታች ተቀምጦ ይገኛል። እውነት ነው፣ የተወለወለ ብረት ከፀሐይ የሚመጠው ከነጭ ቀለምም ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን ጆን ሌስሊ በ1804 ባሳተመው ምርምር እንዳሳየው፣ የተወለወለ ብረት ጨረር ለመርጨትም ሰነፍ ነው። ቀለም ነጭም ሆነ ጥቁር 0.9 ያህል ሲረጭ፣ የተወለወለው አሉሚኒየም 0.1 እንኳ አይሞላም። የገባው ኃይል መውጫ ያጣል፤ የሚያወጣለት ነፋሱ ብቻ ነው። በዚያው ሒሳብ፣ ከፀሐይ 20 በመቶ ብቻ የሚመጥ የተወለወለ ብረት ከኋላው ቢደፈን ቀስ ባለ ነፋስ 53፣ በደካማ ነፋስ ደግሞ 69 ዲግሪ ይደርሳል። ከነጩ ያነሰ እየመጠጠ ከነጩ ይበልጥ ይግላል።

ታዲያ ሰንጠረዡ ቀዝቃዛ ነው ያለው ስለ ምንድር ነው? መልሱ በአብዛኛው ሳይነኩ በሚለካው፣ እንደ ሽጉጥ በሚያዝ የጨረር ቴርሞሜትር ውስጥ ነው። ይህ መሣሪያ የሚለካው ከገጹ የሚመጣውን ጨረር ነው፤ ከዚያም ገጹ 0.95 ያህል ይረጫል ብሎ ገምቶ ወደ ዲግሪ ይለውጠዋል። ለቀለም ግምቱ ደኅና ነው። ወደ ተወለወለ ብረት ሲያነጣጥሩት ግን ከብረቱ የሚመጣው ጨረር ትንሽ ሆኖ፣ የቀረው ሁሉ በብረቱ ላይ የተንጸባረቀው የሰማይ ጨረር ነው። ሰማይም ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ሠሪው የክንፉን ሙቀት የለካ ሲመስለው የለካው ሰማዩን ነው። ጥርጣሬ ያለው ሰው ብረቱን በእጁ ይንካውና ይወቅ፤ ወይም አንድ ቁራጭ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጥቂት ደቂቃ ለጥፎ በፕላስተሩ ላይ ይለካ፤ ልዩነቱን ያን ጊዜ ያየዋል።

ስለ መስመርና ስለ ጽሑፍም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ምክንያቱም ብዙ ሠሪዎች ክንፉን ነጭ ቀብተው «አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ምን ታደርጋለች?» ይላሉ። ይህ እንደ መስመሩ ስፋትና ከሥሩ እንዳለው ነገር ነው። ሙቀት በልባሱ ውስጥ ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚሄድ ማስላት ይቻላል። ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመስታወት ክር ልባስ ውስጥ የሚሄደው ወደ 6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሙጫና መስታወት ሙቀት ለማስተላለፍ ደካሞች ናቸውና። ስለዚህ አምስት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መስመር መካከሉ ልክ ክንፉ በሙሉ በዚያ ቀለም የተቀባ ያህል ይግላል፤ የጎረቤቱ ነጭ አይረዳውም። አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ የአሉሚኒየም ልባስ ላይ ግን ያው ርቀት ወደ 7 ሳንቲሜትር ተኩል ስለ ሆነ መስመሩ ሙቀቱን ከጎረቤቱ ጋር ይካፈላል። አንድ መስመር፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ፀሐይ፤ ውጤቱ ግን ሁለት ነው። መስመሩ በዋናው አግዳሚ ላይ፣ የክንፉን ሸክም በሚይዘው ስፍራ ላይ፣ ካለፈ ደግሞ ጉዳቱ ከጌጡ ይበልጣል። በጅራቱ ጎን፣ ፀሐይ በቀትር በማትመታው ቁም ገጽ ላይ ግን እምብዛም አያሰጋም። በክንፉ ሥርም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ከሲሚንቶ ሜዳ የሚመለሰውን ብርሃን ብቻ ያያልና።

ለጥቁር ቀለም የሚሟገቱ ሰዎች ሁለት ክርክር አላቸው፤ ሁለቱም በግማሽ እውነት ናቸው፤ በግማሽ እውነት የሆነ ክርክር ደግሞ ከፍጹም ሐሰት ይልቅ ለመርታት አስቸጋሪ ነው።

የመጀመሪያው «በበረራ ጊዜ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል» የሚል ነው። በሰከንድ 50 ሜትር በሚበር ክንፍ ላይ ነፋሱ የሚወስደው ሙቀት በመሬት ላይ ከሚወስደው አሥር እጅ ያህል ስለ ሆነ፣ ጥቁር ገጽ እንኳ ከአየሩ በላይ ከ8 ዲግሪ ገደማ አያልፍም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሚቀዘቅዘው ገጹ ነው። ዋናው አግዳሚ በልባሱ ሥር በሁለት ሳንቲሜትር ውፍረት የተከመረ የመስታወት ክርና ሙጫ ቢሆን፣ ከሥሩም ፎም ቢኖር፣ ከሥረኛው ወገን ያለው ሙቀት ወደ ሲሶው ለመውረድ 13 ወይም 14 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። አውሮፕላኑ ከቆመበት ፀሐይ ተነሥቶ ተንደርድሮ ለመነሣት የሚፈጅበት ጊዜ ግን ከዚህ በጣም ያንሳል። በቀትር ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ደግሞ የሚናወጥበት ሰዓት ነው። እንግዲህ አግዳሚው ከሁሉ ይልቅ በሚግልበት ጊዜና ክንፉ ከባድ ሸክም ሊያገኝ በሚችልበት ጊዜ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ክርክሩ የረሳው ይህን ነው።

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ረቂቅ ነው። ሙጫ በሙቀት ሲታከም የሚለሰልስበት ወሰን ከፍ ይላል ብለናል፤ ስለዚህ «ጥቁሩ ክንፍ በፀሐይ ራሱን በራሱ ያክማል፣ እየዋለ እያደረ ይጠነክራል» ይላሉ። ሕክምናው በእርግጥ ይፈጸማል። ነገር ግን በምድጃ ውስጥ የሚታከም ክንፍ በቅርጽ መያዣው ላይ ተደግፎ፣ ሸክም ሳይኖርበት፣ ሙቀቱም በቀስታ እየጨመረ ነው የሚታከመው። በሜዳ ላይ የቆመው ክንፍ ግን ክብደቱን እንደ ተሸከመ፣ ምናልባትም በነዳጅ እንደ ተሞላ፣ ከበላይ ወገን ብቻ ይግላል። ሙጫው ወደ አዲሱ ወሰን ከመድረሱ በፊት በአሮጌው ወሰን በኩል ማለፍ አለበት፤ በዚያች ሰዓት የያዘው ቅርጽ በኋላ ጠንክሮ የሚቀርበት ቅርጽ ነው። ከቀለሙ ሥር የጨርቁ ሽመና ብቅ ብሎ የሚታይበት ክንፍ ይህን ያሳለፈ ክንፍ ሊሆን ይችላል። ሠሪዎች ይህን ሲያዩ አሸዋ ወረቀት አንሥተው ያለሰልሱታል፤ ምልክቱን አጥፍተው ሕመሙን ይተዉታል።

ወደ መጀመሪያው ወገን፣ ደንቡን በሁሉ ላይ ወደሚጭነው፣ ደግሞ ጥቂት ልበል። የአሉሚኒየም አውሮፕላን፣ ለምሳሌ በቤት ሠሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታወቁት የቫንስ ኩባንያ አውሮፕላኖች ክንፍ፣ በ90 ዲግሪ ጥንካሬው አይጓደልም። ባለቤቱ ጥቁር ቢቀባው የሚቸገረው በጋለ ወንበርና በክንፉ ውስጥ በሚሞቀው ቤንዚን ነው። ቤንዚን በቧንቧው ውስጥ ተንኖ ሞተሩን ሊያቋርጠው ስለሚችል ይህ ችግር ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን የሙጫ ችግር አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው የብረት አውሮፕላን እንኳ የሞተር መሸፈኛው፣ የጎማ መሸፈኛዎቹና የክንፉ ጫፎች ብዙ ጊዜ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠሩ መሆናቸው ነው። የሞተሩ መሸፈኛ ከውስጥ በሞተሩ፣ ከውጭ በፀሐይ ስለሚግል በጥቁር ቀለም ለመቅባት ከሁሉ የማይመቸው ክፍል እርሱ ነው።

እንዲሁም በምድጃ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት የደረቀ ሙጫ ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787 አካሉና ክንፉ ከካርቦን ክርና ከሙጫ ነው፤ ሙጫው ግን ወደ 180 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ስለሚደርቅ በጅራቱ ላይ ያለው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አያስፈራውም። በላይኛው ሰማይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኤስ አር 71 የተባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ጥቁር የተቀባው እንዲቀዘቅዝ ነበር፤ ያን አውሮፕላን የሚያግለው በአብዛኛው ፀሐይ ሳይሆን የአየሩ ሰበቃ ስለ ነበረ፣ ጥቁሩ ቀለም ጨረር በመርጨት ይረዳው ነበር። ኮንኮርድ በተቃራኒው ነጭ ነበር፤ በ1996 አንደኛው ለማስታወቂያ ሰማያዊ በተቀባ ጊዜ በከፍተኛ ፍጥነቱ ከ20 ደቂቃ በላይ እንዳይበር ተወስኖበት ነበር፤ ክንፎቹም ነጭ እንደ ሆኑ ቀርተዋል።

በመጨረሻ ስለ አገራችን አየር። «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፤ የሞሃቪ በረሃ ደንብ ለእኛ አያስፈልግም» የሚል አስተያየት ከጓደኞቼ መካከል ሰምቻለሁ። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የፀሐዩ ኃይል ይበረታል፤ አየሩም የሳሳ ስለ ሆነ ነፋሱ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የአየሩን ሙቀት 24 ዲግሪ፣ ሰማዩን ከዚያ 25 ዲግሪ ዝቅ ያለ፣ የፀሐዩን ኃይል በካሬ ሜትር 1100 ዋት፣ የነፋሱን ድርሻ ከ10 ወደ 8.7 ዋት አድርጌ ያንኑ ሒሳብ ደገምሁት። ነጩ 35 ዲግሪ ብቻ ሆነ፤ ይኸውም በቆላው ካገኘነው በ9 ዲግሪ ያንሳል። ጥቁሩ ግን 82 ዲግሪ ገደማ ወጣ፤ በ35 ዲግሪ አየር ካገኘነው 83 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የደጋው ቅዝቃዜ የሚጠቅመው ለነጩ ብቻ ነው፤ ጥቁሩን አይጎበኘውም።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ሒሳብ ነው፤ በሙከራም ሊመዘን የሚችልና የሚገባው ነው። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከመስታወት ክርና ከኢፖክሲ የተሠሩ አራት ሰሌዳዎች፣ ከኋላቸው አምስት ሳንቲሜትር ፎም፤ አንዱ ንጹሕ ነጭ፣ አንዱ ያረጀና የቆሸሸ ነጭ፣ አንዱ ጥላት የገባበት ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር። የሙቀት መለኪያው ሽቦ ከቀለሙ ሥር በልባሱ ውስጥ ይቀበር፤ የሽጉጡ ቴርሞሜትር ለማነጻጸሪያ ብቻ ይሁን። ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በየአሥር ደቂቃው የእያንዳንዱ ሰሌዳ ሙቀት ሲመዘገብ የነፋሱ ፍጥነት፣ የፀሐዩ ኃይልና የአየሩ ሙቀት ከአጠገቡ ይጻፍ። ሦስቱ ያልተጻፉለት የሙቀት ቁጥር በዚህ ቡሌቲን ውስጥ ባይታተም እመርጣለሁ።